ሌሊቱን ስንት ሞተ?

የምሠራበት ሕንፃ ዘበኛ ጠዋት ጠዋት በሩን ከፍተውልኝ፣ እንዴት አደርህ እንዴት አደሩ ከተባባልን በኋላ የሚጠይቁኝ ይህን ነው። መጀመሪያ ሰሞን ነገሩ አላማራቸውም ነበር። ከጣና ዳር ሁለት መንገድ ገባ ብላ ካለችው ጠባብ ቢሮዬ በር ሥር ሌሊቱን ሙሉ ብርሃን ይታያል፤ ጠጋ ብለው ሲያዳምጡ ደግሞ የላፕቶፑ ማራገቢያ እንደ ወፍጮ ያጓራል። "ሰው ቆልፈህበት ሄድህ እንዴ?" አሉኝ አንድ ቀን። ሰው እንዳልሆነ፣ አንድ ፕሮግራም እየተነሳ እየሞተ፣ ሌላው አጠገቡ ሆኖ አሟሟቱን እየጻፈ እንደሚያድር ነገርኳቸው። ትንሽ አሰብ አደረጉና "ብርቱስ የሚጽፈው ነው" አሉ። ከዚያ ወዲህ ሰላምታችን ይኸው ሆነ።

"አራት መቶ አሥራ ሁለት፣ ጋሼ።"

"አይ፣ ዛሬስ በርትቷል።"

ነገሩ የጀመረው በእፍረት ነው። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ለጥቂት ተማሪዎች የኮምፒዩተር ደኅንነት ልምምድ አሳያለሁ። ክፍያ የለውም፤ ቡና ግን አይጠፋም። ለአንዱ ቅዳሜ ሆን ብዬ ክፍተት ያለበት ትንሽ ፕሮግራም በሲ ቋንቋ ጻፍኩ። ስም ይጠይቃል፤ የተሰጠውን ስም ርዝመቱን ሳይለካ 128 ባይት ብቻ በሚይዝ ቦታ ላይ ይገለብጣል። በዚህ ሙያ ውስጥ ያለፈ ሁሉ መጀመሪያ የሚያየው ስህተት ነው። ስሙ ሲበዛ ሞልቶ ይፈስና ጎኑ ያለውን ሜሞሪ ያበላሻል፤ ከሚበላሸው ውስጥ አንዱ፣ ፈንክሽኑ ሥራውን ሲጨርስ ወዴት እንደሚመለስ የተጻፈበት አድራሻ ነው። በዚያ ቦታ ራስህ የመረጥከውን አድራሻ ካስቀመጥክበት ፕሮግራሙ አንተ ወዳልከው ይሄዳል። ይህን የሚያደርገው ግብዓት ኤክስፕሎይት ይባላል። የእኔው ምንም ጉዳት የለውም፤ ፕሮግራሙ እንደ ልማዱ በ0 ሳይሆን በ42 ቁጥር እንዲወጣ ያደርጋል፣ በቃ። የራሴ ፕሮግራም፣ የራሴ ማሽን። ይህን የምለው በምክንያት ነው፤ የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያለ ፈቃድ ሰው ኮምፒዩተር ውስጥ መግባትን ወንጀል አድርጎታልና፣ ተማሪዎቼን በመጀመሪያው ቅዳሜ ከሁሉ አስቀድሜ የማስነብባቸው እሱን ነው።

ለጀማሪ እንዲቀል፣ ኮምፒዩተሬን የሚያስኬደውን የሊኑክስን መከላከያዎች አጠፋሁ። በየማስነሻው የሜሞሪ አድራሻዎችን የሚያቀያይረውን ኤኤስኤልአርንም ጨምሬ። ቤቴ ሞከርኩት፣ ሠራ። ደገምኩት፣ ሠራ። ሃያ ጊዜ ያህል ደጋገምኩት፤ አንድም ጊዜ አልከዳኝም። ቅዳሜ ዕለት በራሴ ላፕቶፕ ሳሳያቸውም ሠራ፤ ተጨበጨበልኝ። ይኼኔ ከኋላ የተቀመጠች አንዲት ተማሪ "በእኔስ ላይ?" አለች። ፋይሎቹን በፍላሽ ወሰደች። ኡቡንቱ የሚባለው ያው የሊኑክስ ዓይነት፣ ያው ስሪት፣ መከላከያዎቹም እንደኔው ጠፍተዋል። አስነሳችው። ሞተ። ደገመች፤ ሞተ። ለሦስተኛ ጊዜ ስትሞክር ክፍሉ ዝም ብሎ ነበር።

"አንዳንዴ እንዲህ ያደርጋል" አልኩ።

"ቲቸር፣ ከአሥር ስንት ጊዜ ነው የሚሠራው?"

ልጅቷ ልታሳጣኝ አልፈለገችም፤ ልታውቅ ነው። እኔ ግን መልስ አልነበረኝም። "አንዳንዴ" የምትለዋ ቃል በአማርኛችን ውስጥ ስንቱን እንደምትሸፍን ያኔ ነው የገባኝ። ከሺህ አንዴም አንዳንዴ ነው፤ ከሁለት አንዴም አንዳንዴ ነው።

ተማሪዎቹ ከሄዱ በኋላ ልጅቷን ለምኜ ላፕቶፗን ይዤ ቀረሁ። ሁለቱን ማሽኖች ጎን ለጎን አድርጌ በጂዲቢ ከፈትኩ። ጂዲቢ ዲበገር ነው፤ ሪቻርድ ስቶልማን እ.ኤ.አ. በ1986 የጀመረው፣ እስከ ዛሬም ሊኑክስ ላይ የሚሠራ ሰው ሁሉ የሚመካበት። ፕሮግራሙን እግር በእግር እየተከተሉ፣ በፈለጉት ቦታ እያቆሙ፣ ሜሞሪው ውስጥ ያለውን ማየት ይቻላል። የስሙ ማስቀመጫ ቦታ በእኔ ማሽን ላይ ካለበት አድራሻ በእሷ ላይ 48 ባይት ዝቅ ብሎ አገኘሁት። ኤክስፕሎይቴ ውስጥ የጻፍኩት አድራሻ ደግሞ ድንጋይ ላይ እንደተቀረጸ ነው፤ ቦታው ሲወርድ አብሮ አይወርድም። ስለዚህ በእኔ ላይ በስሙ ውስጥ አድርጌ የላክሁት ኮድ መጀመሪያ ላይ የሚያርፈው፣ በእሷ ላይ መሃሉ ላይ ይወድቅ ነበር።

ለምን 48? ስታክ የሚባለው የሜሞሪ ክፍል ጫፍ ላይ ፕሮግራሙ ሲነሳ የሚሰጡት መረጃዎች ይቀመጣሉ፦ የተጠቃሚው ስም፣ ቤት ፎልደሩ፣ አሁን ያለበት ፎልደር፣ የቋንቋ ምርጫው፣ የመሳሰሉት። እነዚህ ሲረዝሙ ከሥራቸው ያለው ሁሉ ወደ ታች ይገፋል፤ የሚገፋውም በ16 ባይት ልክ እየተጠጋጋ ነው። የእኔ ፎልደር ሦስት የላቲን ፊደላት ብቻ ነው። የእሷ ግን "የደኅንነት ልምምድ" ይላል። በአማርኛ። በዩቲኤፍ-8 አጻጻፍ አንድ የላቲን ፊደል 1 ባይት ሲወስድ የእኛ አንድ ፊደል 3 ባይት ይወስዳል። አሥር ፊደል፣ ሠላሳ ባይት፣ ክፍተቷ ሲጨመር ሠላሳ አንድ። በላዩ ላይ የእሷ የተጠቃሚ ስም ከእኔ ይረዝማል፤ እሱ ደግሞ ሦስት አራት ቦታ ይደጋገማል።

ፎልደሯን በአማርኛ ስለሰየመች ኤክስፕሎይቴ ሞተ። ብቻዬን ሳቅኩ። ሳቄ ሲያበቃ ግን አንድ ነገር ቆረቆረኝ፦ ቤቴ ያየሁት ሃያ ስኬት ሃያ ሙከራ አልነበረም። አድራሻው አይቀያየር፣ ፎልደሩ ያው፣ ስሙ ያው፤ አንዱን ሙከራ ሃያ ጊዜ አየሁት እንጂ ሃያ ጊዜ አልሞከርኩም።

ሰኞ ሙከራውን በራሱ የሚደጋግም ስክሪፕት መጻፍ ጀመርኩ። ጂዲቢ ከሰባተኛው ስሪት፣ ከ2009 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሆዱ ውስጥ ፓይተን የተባለው የፕሮግራም ቋንቋ አለ። ይህ ማለት ዲበገሩ አጠገብ ተቀምጦ በእጅ ትእዛዝ መስጠት ቀረ ማለት ነው፤ ፕሮግራሙን አስነሳ፣ ሲቆም ለምን እንደቆመ ጠይቅ፣ የት አድራሻ ላይ እንደቆመ ጻፍ፣ ዙሪያውን ያለውን ሜሞሪ ጥቂት ቅዳ፣ ግደለው፣ የፎልደሩን ስም በአንድ ባይት አርዝመህ እንደገና ጀምር ትለዋለህ፤ እሱ ይሠራል፣ አንተ ዓሣ ትበላለህ።

ስክሪፕቱ ራሱ መቶ መስመር አይሞላም። የከበደኝ "ሠራ" ማለት ምን ማለት እንደሆነ መወሰን ነው። መጀመሪያ ያልሞተ ሁሉ እንደሠራ ቆጠርኩ፤ ተሳሳትኩ፣ ምክንያቱም አንዳንዱ ጭራሽ ክፍተቱ ጋ ሳይደርስ በሰላም ጨርሶ ይወጣል። ቀጥሎ በ42 የወጣውን ብቻ ቆጠርኩ፤ ይህም አጎደለ፣ ኮዱ ጋ ደርሶ ሥራውን ሊጨርስ ሲል የሚሞት አለና። ያ ጨርሶ ካልደረሰው ጋር አንድ መደብ ውስጥ መግባት የለበትም፤ በሽታቸው ለየቅል ነው። ስለዚህ ኮዱ መግቢያ ላይ ብሬክፖይንት ተከልኩ። ብሬክፖይንት ምትሃት የለውም። ዲበገሩ በዚያ ቦታ ያለውን አንድ ባይት አንስቶ በ204 ቁጥር ይተካዋል፤ ፕሮሰሰሩ 204ን ሲያገኝ ቆሞ "ተጠራሁ" ይላል፤ ዲበገሩ የነበረውን ባይት መልሶ ያስቀጥለዋል። እንግዲህ ልብ በሉ፤ ለማየት ስትል ሜሞሪውን ነክተሃል።

የዲበገር ነገር እዚህ ላይ ነው። ታማኝ ምስክር ይመስላል፣ ግን ሲመሰክር ነገሩን በእጁ ያስተካክላል። ጂዲቢ ካልከለከሉት በቀር ፕሮግራሙን ሲያስነሳ ኤኤስኤልአርን ያጠፋዋል፤ ለሚያርመው ሰው እንዲመቸው አስቦ ነው፣ ደግ አድርጓል፣ የኤክስፕሎይትን አስተማማኝነት ለሚለካ ግን ይህ ደግነት መርዝ ነው። የተርሚናሉን ቁመትና ስፋት የሚናገሩ ሁለት መረጃዎችንም በራሱ ፈቃድ ይጨምራል፤ እነሱም ስታኩን ይገፋሉ። ፕሮግራሙንም በሙሉ አድራሻው ነው የሚጠራው፤ እኔ በእጄ ሳስነሳው ግን ካለሁበት ፎልደር በአጭሩ ነው። በዲበገር ውስጥ ሁልጊዜ የሚሠራ፣ ከዲበገር ውጭ ጨርሶ የማይሠራ ኤክስፕሎይት የጻፈ ጀማሪ ሁሉ፣ እኔም በጊዜዬ፣ ኮምፒዩተሩ የተደገመበት ይመስለዋል። ጎን ለጎን እየሮጡ ጊዜ የሚሻሙ ክሮች ያሉት ፕሮግራም ሲሆን ደግሞ ይብሳል፤ ዲበገሩ በያዘው ቁጥር ስለሚያዘገየው ሽሚያው ራሱ ይጠፋል። ሐኪም ቤት ሲደርስ እንደሚለቅ የጥርስ ሕመም።

ስለዚህ አሠራሩን ገለበጥኩት። ፕሮግራሙ ብቻውን፣ ማንም ሳይነካው ይሩጥ፤ ሲሞት ሊኑክስ የሜሞሪውን ቅጂ በፋይል ያስቀምጥ፤ ያንን ፋይል ዲበገሩ በኋላ ይክፈተው። ይህ ፋይል ኮር ይባላል። ሬሳ ምርመራ ማለት ነው። ሞቱን አይለውጠውም፣ የሞተበትን አድራሻ፣ የገደለውን ሲግናል (ሊኑክስ የሚልክለትን ቁጥር ያለው መልእክት)፣ ስታኩ ላይ የነበረውን ሁሉ ግን እንዳለ ይነግርሃል። ሲግናል 11 ከሆነ የማይገባው ሜሞሪ ነክቷል፤ 6 ከሆነ ራሱን አጥፍቷል፣ ለምሳሌ መከላከያው ስታኩ መበላሸቱን ሲያይ እንደሚያደርገው። የቀጥታ ዲበገሩን ለጥቂት ናሙና ብቻ አስቀረሁት።

በዚያው ሳምንት ዲስኩ ሞላ። ኮር ፋይሎቹ ተጠራቅመው ሌሊት ላይ ቦታ አለቀ፣ ከዚያ በኋላ ያለው ሙከራ ሁሉ "ወደቀ" ተብሎ ተመዘገበ። የወደቀው ተፈታኙ ሳይሆን ፈታኙ ነበር። ሙከራዎቹ በሚመዘገቡበት ሎግ ላይ አንድ ዓምድ ጨመርኩ፤ ራሱ ስክሪፕቱ ጤነኛ እንደነበር የሚመሰክር። ከእያንዳንዱ ሃምሳ ሙከራ መሃልም በእርግጠኝነት መሥራት ያለበትን አንድ፣ በእርግጠኝነት መሞት ያለበትን አንድ እከታለሁ። ሁለቱ እንደሚጠበቀው ካልሆኑ ሃምሳውን ሁሉ እጥላለሁ።

ከሁሉም የማልረሳው ግን የጊዜ ገደቡን ነገር ነው። አንዳንድ ሙከራ አይሞትም፣ አይጨርስምም፤ የተሳሳተ ቦታ ገብቶ ይሽከረከራል። ለነዚህ ሁለት ሰከንድ ገደብ ሰጠሁ፤ ካለፈ "ተንጠለጠለ" ተብሎ ይመዘገባል። ማታ ማታ የሚንጠለጠሉት በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። አንድ ጠዋት ግን ሎጉን ስከፍት በመቶዎች ሆነዋል። ደግሞ ተበታትነው አይደለም፤ ከ02፡06 ጀምሮ እስከ 04፡31 ድረስ ተደርድረው ነው ያሉት። ከዚያ በፊት ሰላም፣ ከዚያ በኋላም ሰላም። ግማሽ ቀን ስለ ሜሞሪ አደላደልና የሊኑክስ እምብርት ስለሆነው ከርነል አነበብኩ። አንድ ጥሩ ግምትም ነበረኝ፣ ለሰው ልነግረው ቀርቶ ልጽፈው ሁሉ የጀመርኩት። ምሳ ለመብላት ስወጣ ዘበኛው ፊቴን አይተው ምን እንደሆንኩ ጠየቁኝ።

"ሌሊት ከሁለት ሰዓት እስከ አራት ተኩል የሆነ ነገር አለ ጋሼ፤ ጠፋብኝ።"

"ሁለት ሰዓት ላይማ አንተው እዚህ ነበርህ። ሻይ ይዘህ አልወጣህም?"

"በፈረንጅ ሰዓት ነው።"

"እንዲያማ ስምንት ሰዓት በለኛ! ስምንት ሰዓት ላይ መብራት ሄደ። የዚያ የሆቴሉ ጄኔሬተር ሲነሳ ነው የነቃሁት" አሉና፣ ነቃሁ ማለታቸው እንዳመለጣቸው ስላወቁ ፈገግ አሉ። "አሥር ተኩል ላይ መጣ።"

ላፕቶፑ በባትሪ ሲሠራ ኃይል ለመቆጠብ ፍጥነቱን ይቀንሳል። ከሁለት ሰከንድ በታች ይጨርስ የነበረው ሁሉ ገደቡን አለፈ። ከርነሉ ንጹሕ ነው፤ የጻፍኩትን ግምት አጠፋሁት። አሁን ስክሪፕቱ እያንዳንዱን ሙከራ ከመጀመሩ በፊት መብራት እንዳለና እንደሌለ መዝግቦ ነው የሚያልፈው። መብራት እንዲህ በሚመላለስበት ከተማ ይህን ዓምድ ከመጀመሪያው አለማሰቤ ይገርመኛል። የምንማርባቸው ጽሑፎች የተጻፉት መብራት በማይጠፋበት አገር ስለሆነ ይሆናል።

ሌላው ችግር ከሙከራ ወደ ሙከራ የሚተላለፍ ትራፊ ነው። አንድ ምሽት ሐይቁ ዳር ስሄድ ከደንገል የተሠሩ ታንኳዎች እንደ ሰው ቀጥ ብለው ቆመው አየሁ። ሁልጊዜ ነው እንዲህ የሚያቆሟቸው፤ ደንገል ውኃ ይጠጣል፣ ውሎ የገባ ታንኳ ካልደረቀ ይከብዳል፣ እየቆየም ይበሰብሳል። ትናንት ሁለት ሰውና ጭነት ያሻገረው ታንኳ ዛሬ እርጥቡን ከተነሳ ያው ታንኳ አይደለም። ወደ ቢሮ ተመልሼ አየሁ፤ ፕሮግራሜ ሲነሳ አንዲት ጊዜያዊ ፋይል ይፈጥራል፣ በሰላም ሲወጣ ያጠፋታል፣ ሲሞት ግን ትቷት ይሄዳል። የሚቀጥለው ሙከራ እሷን አግኝቶ በሌላ መንገድ ይሄዳል። ስለዚህ ሞት ሞትን ይጠራ ነበር፤ አንዱ ከወደቀ ቀጣዩም የመውደቅ ዕድሉ ይጨምራል። እንዲህ ያለ ተከታታይ ሲቆጠር ቁጥሩ ቁጥር ይመስላል እንጂ ምንም አይነግርም። አሁን እያንዳንዱ ሙከራ አዲስ ባዶ ፎልደር ውስጥ ይጀምራል።

ይህ ሁሉ ከተስተካከለ በኋላ ነው ስሌቱ ትርጉም ያገኘው። ስታትስቲክስ ያነበበ ሰው የሦስት ሕግ የሚባለውን ያውቃል። አንድ ነገር ብዙ ጊዜ ሞክረህ አንድም ካልወደቀ፣ ሦስትን ለሙከራው ብዛት አካፍል፤ በ95 በመቶ እርግጠኝነት የመውደቅ ዕድሉ ከዚያ አይበልጥም። 300 ጊዜ ሞክረህ ካልወደቀ ቢበዛ ከመቶ አንድ ነው። 3000 ከሆነ ከሺህ አንድ። የእኔ ሃያ እውነተኛ ሃያ ሙከራ እንኳ ቢሆን፣ ማለት የምችለው ከመቶ እስከ አሥራ አምስት ጊዜ ሊወድቅ ይችላል ብቻ ነበር። በሃያ ስኬት ደረቱን ነፍቶ ክፍል የገባ ሰው ይህን ስሌት ቀድሞ ቢሠራው ምናለ።

ኤኤስኤልአርን መልሼ ሳበራው ደግሞ ሌላ ዓለም ሆነ። በ32 ቢት ሊኑክስ ላይ የላይብረሪዎቹ ቦታ በተለመደው አሠራር በ8 ቢት ይቀያየራል፤ ይህ 256 ቦታ ማለት ነው። አንዱን ገምቶ የሚመታ ኤክስፕሎይት ከ256 አንዴ ይሠራል። ሰው ይህን ሰምቶ "ትንሽ ናት" ይላል። እንደኔ ስክሪፕት ደጋግሞ ለሚያስነሳው ግን 256 ጊዜ ሲሞክር ቢያንስ አንዴ የመሳካት ዕድሉ 63 በመቶ ነው፤ ይህ ደግሞ የደቂቃዎች ሥራ ነው። በ64 ቢት ላይ 28 ቢት ከሆነ ቦታው ከ268 ሚሊዮን ይበልጣልና ግምት እርም ነው።

እዚህ ላይ ነው የቀን ሥራዬ ትዝ ያለኝ። ለጥቂት ትንንሽ ድርጅቶች ሰርቨር እጠብቃለሁ። አንድ አገልግሎት ሲሞት ወዲያው ራሱ እንዲነሳ አድርጌ ነው ሁሉንም ያዘጋጀሁት፤ ሌሊት ስልክ እንዳይደወልልኝ። የሌሊት ስክሪፕቴ የሚያደርገውም ይህንኑ አይደል? ይነሳል፣ ይሞታል፣ ይነሳል። ያለ ገደብ ወድቆ የሚነሳ ሰርቨር ለአጥቂ ይህን ስክሪፕት በነጻ ጽፎ እንደሰጠው ነው። በዚያው ቀን የመነሻ ገደብ አበጀሁለት፤ በአምስት ደቂቃ ሦስት ጊዜ ከሞተ አይነሳም፣ እኔን ይቀስቅሰኝ። በሲግናል 11 የሞተ ነገር ሎግ ላይ ሳይም እንደ ድሮው አስነስቼ አላልፈውም።

ያልተሳካ ኤክስፕሎይት ዱካ ይተዋል፤ የሙያው ታሪክ በዚህ የተሞላ ነው። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 2 ቀን 1988 በተለቀቀው፣ ራሱን ከማሽን ማሽን በሚያባዛው የሞሪስ ትል ውስጥ የነበረው የሜሞሪ ማጥለቅለቂያ ለቫክስ ማሽኖች ብቻ የተጻፈ ነበር፤ ሰን ማሽን ሲያገኝ ከመግባት ይልቅ ፕሮግራሙን ይገድለዋል። እ.ኤ.አ. በ2019 መጨረሻም ብሉኪፕ በተባለው የዊንዶውስ ክፍተት ሲጠቃ የታወቀው እንዲሁ ነው፤ ኬቨን ቦሞንት የተባለው ተመራማሪ ለማጥመጃ ያስቀመጣቸው ኮምፒዩተሮች ሰማያዊ ስክሪን እያሳዩ መውደቅ ጀመሩ፤ የወደቁበት ሜሞሪ ቅጂ ሲመረመር ኤክስፕሎይቱ ውስጡ ተገኘ። አጥቂው ከመቶ መቶ የሚሠራ ነገር ቢኖረው ኖሮ ማን ያውቅ ነበር?

ብላስተር የተባለውን ትል ግን በዓይኔ አይቼዋለሁ። ኦገስት 2003 እ.ኤ.አ. ነው፤ እኛ አገር አዲስ ዓመት ሊገባ ሳምንታት ሲቀሩት። ከተማችን ውስጥ በደቂቃ እየተከፈለ የሚጠቀሙበት አንድ ኢንተርኔት ካፌ ኢሜይል እየጻፍኩ ሳለ አንዲት ሳጥን ብቅ ብላ ከ60 ሰከንድ ወደ ታች መቁጠር ጀመረች። ዜሮ ስትደርስ ኮምፒዩተሩ ጠፍቶ ተነሳ። ኢሜይሉ ሄደ፣ ሒሳቡ ግን አልሄደም፤ ከፈልኩ። የካፌው ልጅ ቆጠራውን የሚያስቆም አጭር ትእዛዝ ከየት እንደሰማ እንጃ፣ ከማሽን ማሽን እየሮጠ ይጽፋታል። ከዓመታት በኋላ ነው ምክንያቱን ያነበብኩት። ትሉ ሁለት አድራሻ ነበረው፤ አንዱ ለዊንዶውስ 2000፣ አንዱ ለኤክስፒ። የሚያጠቃው ማሽን የትኛው እንደሆነ ግን አይጠይቅም፤ ሰማንያ በመቶ የኤክስፒውን፣ ሃያ በመቶ የ2000ውን ይልካል። በተሳሳተው አድራሻ ሲመታ የዊንዶውሱ አገልግሎት ይሞታል፣ ዊንዶውስም ያለ እሱ መቀጠል ስለማይችል ቆጠራውን ይጀምራል። ኤክስፒ ላይ ከአምስት አንዴ ሊስት ታስቦበት የተጻፈ ነገር ነበር ማለት ነው፤ የእኔ ኢሜይል ከዚያች አንዷ ላይ ደርሳ ይሆናል።

ወደ ቅዳሜው ልመለስ። ኤክስፕሎይቱን አሻሻልኩት፤ ከኮዱ በፊት ምንም የማይሠሩ መመሪያዎች ደርድሬ ሰፊ ማረፊያ አበጀሁለት፣ ስታኩ ትንሽ ቢወርድም አድራሻው ማረፊያው ላይ ወድቆ ተንሸራቶ ኮዱ ጋ እንዲደርስ። በየርዝመቱ፣ በየተጠቃሚ ስሙ፣ በመብራትም በባትሪም አስኬድኩት። ክፍል ገብቼ ሰሌዳው ላይ ጻፍኩ፦ የፎልደሩ ስም ከእኔው እስከ 64 ባይት ቢረዝም፣ ከ1000 ሙከራ 1000 ሠራ። ያቺን ተማሪ አየኋት። "ጥያቄሽን ይዤ መጣሁ" አልኳት።

ሰሌዳውን ትንሽ አየችው። ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አየሁ፤ እየቆጠረች ነው። ከዚያ ላፕቶፗን ከፍታ የፎልደሯን ስም መቀየር ጀመረች። "የመጨረሻው ትክክለኛው የደኅንነት ልምምድ ፎልደር" ብላ ጻፈች። ሃያ ስድስት ፊደል። አስነሳችው።

ሞተ። ተማሪው ሁሉ ሳቀ፣ እኔም አብሬ። ኮር ፋይሉን በፕሮጀክተሩ ላይ ከፈትነው፤ አድራሻው ማረፊያውን አልፎ የኮዱ መሃል ላይ ወድቆ ተቀምጧል፣ ልክ በ64ቱ ወሰን ማዶ። ሰሌዳው ላይ የጻፍኩትን አላጠፋሁትም፤ ስሕተት አልነበረውምና። የቀረውን ሰዓት ሁሉም የየራሱን ፎልደር እየሰየመ፣ ፊደል እየጨመረና እየቀነሰ፣ የት ላይ እንደሚሞት ሲፈልግ አለቀ።

ሰኞ ጠዋት ዘበኛው በሩን ከፈቱልኝ።

"እህ፣ ስንት ሞተ?"

"አንድ ብቻ ጋሼ። ግን ሰው ፊት ነው።"